የወንድሜ ልጅ ቁርጭምጭሚት

በዚያ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡታጅራ፣ በወንድሜ ሳሎን ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ወንድሜ የሱፍ ኮቱን ሳያወልቅ ምንጣፉ መሐል ቆሟል። ሚስቱ ጎመን ክትፎ የተሞላ ሳህን ይዛ በጓዳው በር ላይ ቆማለች። የልጅቱ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ጫማውን በረንዳ ላይ አውልቆ ስለገባ የተቀደደው ካልሲው እንዳይታይበት አንዱን እግር በሌላው ላይ አድርጎ በሩ አጠገብ ቆሟል። እኔ በመስኮቱ ሥር ነበርኩ፤ ጉልበቴ ስለማያስቆመኝ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። የወንድሜ ልጅ በባዶ እግሯ ከአባቷ ፊት ለፊት ቆማለች። ሁላችንም የምናየው የቀኝ እግሯን ቁርጭምጭሚት ነበር።

«እስቲ ዝለይ» አላት ወንድሜ።

«አንተ ሰው፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው እኮ» አለች ሚስቱ።

«አንዴ ብቻ። አክስቷ ትያት።»

ልጅቱ የግራ እግሯን አጥፋ በቀኙ ብቻ ዘለለች። ስታርፍ አልተንገዳገደችም። ወንድሜ «ጌታ ይመስገን!» ብሎ አጨበጨበ፤ አሰልጣኙም አብሮ አጨበጨበ። እኔ ግን ስታርፍ እጇ ወደ እግሯ ሳይሆን ወደ ሆዷ፣ ከደረቷ ዝቅ ወዳለው ቦታ ሲሄድ አየሁ። ወዲያው አነሳችውና ፀጉሯን አስተካከለች።

ምግብ ቀረበ፤ በላን። ልጅቱ ሁለት ጉርሻ ወስዳ ጠገብኩ አለች።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። ልጅቱ የከተማው የሴቶች ቡድን የቀኝ መስመር ተጫዋች ነች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቱ ሳይመጣላት ቀርቷል፤ እንደ እሷ የቀሩት ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ሱቅ ገቡ፣ አንዳንዶቹ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አወጡ። እሷ ኳሷን ያዘች። በዚህ መሐል ከአዲስ አበባ አንድ የሴቶች ክለብ ተጫዋች ሊመርጥ ከዚያ እሁድ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይመጣል ተባለ። የተመረጠች ልጅ ደመወዝና ማደሪያ ይኖራታል። ከዚያ ቅዳሜ ሌላ የምትጠብቀው ነገር አልነበራትም።

ታዲያ በልምምድ ላይ እግሯ ታጠፈ። ወንድሜ ደውሎ እንደነገረኝ ቁርጭምጭሚቷ በአንድ ሌሊት እንደ ድንች አብጦ አደረ። ወንድሜ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ የአጥቢያቸው ሽማግሌም ነው። በስልክ «እትዬ፣ በቤተሰብ ጾም ጸሎት ይዘናል። በሰው ጥበብ ሳይሆን በጌታ ብቻ እንደገፋለን ብለናል። ካልመጣሽ እዚያው ሆነሽ ጹሚልን» አለኝ። እኔ ወልቂጤ ብቻዬን ነው የምኖረው። ሥራ የሚባል ከለቀቅኩ ቆይቷልና ልብሴን ይዤ ተነሣሁ። ሚኒባሱ በጉብሬና በአገና በኩል አድርጎ ቡታጅራ ሲያደርሰኝ የጾሙ መጨረሻ ቀን ነበር። ልጅቱም ከሁሉም ጋር ጾማለች።

እሁድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ወንድሜ ከኋላ ገፋ አድርጎ አስነሣት። ማይክራፎኑን ይዛ «እግሬ ታሞ ነበር፤ ዛሬ አላመመኝም» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከመዘምራኑ አንዷ በስልኳ ቀርጻ ገና ከሰዓት ሳይደርስ የመዘምራኑ ቡድን ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። ወንድሜ አለቀሰ። ወንድሜ ሲያለቅስ አይቼ የማውቀው አባታችን ሲቀበር ብቻ ነው።

ከምሳ በኋላ ዕቃ ለማቀበል ጓዳ ስገባ የወንድሜ ሚስት በሩን ገፋ አደረገችው።

«እትዬ፣ ላንቺ ልንገርሽ፤ እሱ እንዳይሰማ። አስታራው ነው።»

አስታራ ከእንሰት ዓይነቶች አንዱ ነው። አሚቾውን፣ ማለት ከመሬት ውስጥ ያለውን ግንዱን፣ ቀቅሎ በወተት የበላ ሰው የተሰበረው ቶሎ ይገጥምለታል ይባላል። በእኛ ቤትም ይባል ነበር። እሷ ከእናቷ አገር አስመጥታ፣ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ መጥቶላት፣ ከጾሙ በፊት በድብቅ አብልታታለች።

«ወጌሻም አምጥቼ አሳሽቻታለሁ» አለች። «ጅማቱን አሽቶ ‹ሩጫ የሚባል እንዳታይ› ብሎኝ ሄደ። ይኸው ዳነች።»

«ለባልሽ ለምን አልነገርሽውም?»

«በጌታ ብቻ ብሎ ካወጀ በኋላ? እምነት የጎደላት እኔ ልሁን?» አለችና ሳቀች።

ወደ በረንዳ ስወጣ አሰልጣኙ ጫማውን እያሰረ ነበር። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ንግግሩ ሁሉ የአዲስ አበባ የሆነ ልጅ ነው።

«ማዘር፣ ጋሼ በጸሎት ነው ይበሉ፣ እኔ አልከራከርም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን በመሐላችን፣ ዲክሎ ነው። ሁለት መርፌ አስወጋኋትና ኪኒን አስጀመርኳት። እብጠቱን ብን ነው የሚያደርገው። ለተጫዋች ከሱ የሚበልጥ ጓደኛ የለም።»

«ከምግብ በኋላ እንደሆነ ነግረሃታል?»

«እሱን መድኃኒት ቤቱ ይነግራታል። የኔ ሥራ ሜዳው ላይ ነው፣ ማዘር።»

እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ያንን እግር እያንዳንዳቸው አድነውታል። አንዱ ያደረገውን ሌላው አያውቅም። ሁሉንም ያወቅሁት ተቀምጬ ስለነበር ይመስለኛል፤ ሰው የተቀመጠች አሮጊት ዘንድ መጥቶ ይናገራል።

እኔ ያንን ኪኒን አውቀዋለሁ። ለጉልበቴ ብዙ ጊዜ ወስጄዋለሁ። መጥፎ መድኃኒት ነው አልልም፤ ደረጃ መውጣት አቅቶኝ በነበረ ጊዜ ገበያ አድርሶ መልሶኛል። ነገር ግን ሕመሙ ሲጠፋ መጠኑን ማን ያስታውሳል? ቁርስ ሳልበላ እውጠው ነበር። ሆዴን ሲያቃጥለኝ ጨጓራ ነው አልኩ፤ እዚህ አገር ጨጓራ የሌለበት የለምና። አንድ ቀን ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ወደቅሁ፣ ሆስፒታል ገባሁ፣ የሰው ደም ተሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ እንዳሻው እንዲያመኝ ተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ልጅቱ ጓሮ ካልሲዋን ስታጥብ ወንበሬን አስወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ዲክሎፌናኩን በቀን ስንት ትወስጃለሽ?»

እጇ ቆመ። «አሰልጣኙ ነው የነገረሽ?»

«እሱ ነው።»

«ጠዋትና ማታ ብሎኛል። ሲያመኝ አንድ እጨምራለሁ።»

«በጾሙ ጊዜስ?»

«በውሃ ዋጥኩት።»

«በባዶ ሆድሽ?»

«ጾም እኮ ነው አክስቴ፤ ሙሉ ሆድ ከየት ይመጣል?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሽንት ቤት ስትቀመጥ የሚወጣት ጥቁር እንደሆነ ጠየቅኳት። ፊቷን ወደ ሳፋው መለሰች። «እንዴት አወቅሽ?» አለች።

«እኔም እንደዚያ ሆኜ ነበር። ደም ነው።»

ካልሲውን ጨምቃ ሽቦው ላይ ሰቀለችው። «እሁድ አልዋሸሁም» አለችኝ። «በዚያ ጠዋት እውነትም አላመመኝም። አባዬ ጠየቀኝ፣ ያመኛል ወይ አለኝ፤ አያመኝም አልኩ። ኪኒኑን ማንም አልጠየቀኝም።»

«አሁን ንገሪው።»

«በሰው ሁሉ ፊት ከቆምኩ በኋላ? ቴሌግራም ላይ እኮ ነኝ። አባዬ ሽማግሌ ነው፤ የሱ ልጅ በውሸት መሰከረች ነው የሚሉት። ቅዳሜን ብቻ ልለፍ፤ ከዚያ ሁሉንም አቆማለሁ።»

በዚያው ቀን ለወንድሜ ልነግረው እችል ነበር። እሱ ግን ማታ ከሥራ ሲመጣ ገና በር ላይ «እግርሽስ?» ይላታል፤ «ደህና ነው» ትላለች፤ ፊቱ ይበራል። እኔ በመሐላቸው ገብቼ ብናገር ልጅቱ የምትክደኝ መሰለኝ፤ ከካደች ደግሞ ቅዳሜ ትጫወታለች። ስለዚህ አልነገርኩትም፤ ቁርሷን በልታ እንድትውጥ ብቻ ጠበቅኋት። እሷም ለእኔ ብላ በላች።

ረቡዕ ከልምምድ ስትመለስ የግቢውን አጥር ይዛ ቆመች። ከንፈሯ ነጥቷል። እግሯ አብጦ የካልሲው ጎማ ቆዳዋ ውስጥ ገብቷል። እናቷ እንዳታይ በፎጣ ሸፍና ገባች።

ሐሙስ ጠዋት «ጉልበቴን ልታይ ነው፤ ሸኚኝ» አልኳት። እናቷ «ሂጂ፣ አክስትሽን ያዥልኝ» አለች። በባጃጅ ሄድን። ክሊኒኩ ውስጥ ተራችን ደርሶ ስንገባ ሐኪሙን «የታመመችው እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት» አልኩት። ልጅቱ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እሱም ኳስ ይወድ ኖሮ መጀመሪያ የጠየቃት የምን ቦታ ተጫዋች እንደሆነች ነው። ሆዷን ተጫነ፣ ደም አስመረመራት፣ እግሯን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንቀሳቀሰ። እዚያ ላይ ነው እንደ ልጅነቷ «ውይ!» ያለችው።

«ደምሽ ወርዷል» አላት። «ጨጓራሽ እየደማ ነው። ጅማትሽም ሙሉ በሙሉ አልተበጠሰም እንጂ ተጎድቷል።»

«ግን እኮ ተሽሎኝ ነበር።»

«መድኃኒቱ እብጠቱን ያወርዳል፣ ሕመሙን ያስታግሳል። የተጎዳውን አይሰፋም። ለጥቂት ቀን፣ ከምግብ በኋላ፣ እግርሽን እያሳረፍሽ ብትወስጂው ኖሮ ምንም አልልሽም ነበር። አንቺ ግን ሕመሙ ሲጠፋልሽ ሮጥሽበት።»

«ቅዳሜ ብቻ ብጫወትስ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «መርፌ ከተወጋሽ ቅዳሜ ላያምሽ ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ካላመመሽ አትቆሚም። ጅማቱ እዚያው ሜዳ ላይ ከተበጠሰ ወይ ደግሞ ሆድሽ ከባሰበት፣ ስለሚቀጥለው ዓመት ኳስ አንነጋገርም።»

ኪኒኑን ዛሬውኑ እንድታቆም፣ የጨጓራ መድኃኒት እንድትጀምር፣ ጥቁሩ ካልቆመ ወይም ካዞራት ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል እንድትሄድ ነገራት። እግሯን በባንዴጅ ጠቅልሎ አሰናበተን።

ባጃጁ ውስጥ ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «አታለልሽኝ» አለች።

«አዎ» አልኳት።

ለእናቷ በዚያው ቀን እሷው ነገረቻት። ለአባቷ ግን አልቻለችም። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ አሰልጣኙ መጣ። አዲስ ማሊያ በፌስታል ይዞ፣ ደስ ብሎት። ወንድሜም ከሥራ ገብቶ፣ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ እንዳለ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳ እንገናኝ» አለ አሰልጣኙ። «እሷን እኔ ቀደም ብዬ በባጃጅ እወስዳታለሁ። ትንሽ የምንጨርሳት ነገር አለች።»

«ምን ነገር?» አለ ወንድሜ።

«ቀላል ናት። ለጥንቃቄ።»

«መርፌ ነው» አልኩ እኔ።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። አሰልጣኙ በጥርሱ ሳቀ። «ማዘር ደግሞ! አንዲት መርፌ እኮ ናት። ትልልቆቹ ተጫዋቾች ሁሉ ተወግተው ነው የሚገቡት። ነገ ትጫወት፤ ሰኞ ትታመም።»

«የዳነ እግር ለምን ይወጋል?» አለ ወንድሜ።

የወንድሜ ሚስት ከጓዳው በር ላይ ሆና የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። ወንድሜ ሁላችንንም በየተራ አየን፤ መጨረሻ ላይ ልጁን።

«እሁድ ምንድን ነው ያልሽው?»

«እሁድ አላመመኝም፣ አባዬ።»

«አሁንስ?»

አሰልጣኙ «ጋሼ፣ አሁን እሷን አናስጨንቃት፣ ነገ ትልቅ ቀን ነው» አለ። ወንድሜ እጁን ብቻ አነሣ።

ልጅቱ በፌስታሉ ውስጥ ያለውን ማሊያ ታየው ነበር። ቁጥሩ ይታያል። ረዘም ያለ ጊዜ አየችውና «ያመኛል» አለች።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገረችው፤ መርፌውን፣ ኪኒኑን፣ በጾሙ ቀን በውሃ መዋጧን፣ ሐኪሙ ያላትን። እናቷም ከበሩ ላይ ሳትንቀሳቀስ «እኔም አስታራ አብልቻታለሁ፤ ወጌሻም አምጥቻለሁ» አለች። ወንድሜ «አንቺም?» አላት። «እኔም» አለች።

አሰልጣኙ ተቆጣ። «ልጆቼ ሁሉ ሲጎዱ እንዲህ ነው የምሠራው። በረዶ የለ፣ ፊዚዮቴራፒ የለ፣ ምን ላድርግ? ይቺን ልጅ ለማሳለፍ ሁለት ዓመት ለፋሁ» አለ። እውነቱን ነበር። የወንድሜ ሚስት ራት ቅመስ አለችው፤ አልቀመሰም። ማሊያውን ጥሎ ወጣ፤ ከበረንዳው ተመልሶ ማሊያውን ወሰደ።

ወንድሜ ራቱን በላ፣ ጸለየ። በጸሎቱ ውስጥ ስለ እግር ምንም አልጠቀሰም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቱ ሜዳ ካልሄድኩ አለች። ቡድኗ ነውና ማንም አልከለከላትም። እናቷ መደገፊያ ትሁናት ብላ እኔ የምመረኮዛትን ዱላ ሰጠቻት፤ እኔ የእሷን ክንድ ያዝኩ። እንዲያ ተደጋግፈን ሜዳው ዳር ደረስን። ሰው ብዙ ነበር፤ ከአጥቢያቸው ሰዎችም የእሷን ጨዋታ ሊያዩ የመጡ ነበሩ። አንዷ እናት «ዱላው ምንድን ነው? አልዳንሽም እንዴ?» አለቻት ከሩቅ። ልጅቱ የሰማች አልመሰለችም።

በእሷ ቦታ የምትገባው ልጅ ታኬታዋ አፉ ተከፍቶ በላስቲክ ታስሮ ነበር። የወንድሜ ልጅ ይህን አይታ ከቦርሳዋ የራሷን አወጣች። የእግራቸው ቁጥር አንድ ባይሆንም ያቺኛዋ ካልሲ ደርባ አደረገችው። ያቺ ልጅ «አንቺስ?» አለቻት። «እኔ ምን አደርግበታለሁ ዛሬ፤ ባይሆን ጎል አግቢበት፣ እንዳታዋርጂው» አለቻት።

ከክለቡ የመጡት ሰዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ኮፍያ ያደረገ ሰው ከአሰልጣኙ ጋር ሲነጋገር ቆይቶ ወደ እኛ መጣ።

«የቀኝ መስመሯ አንቺ ነሽ? ቪዲዮሽን አይተናል። ድነሻል ተብሎ ነበር እኮ የተነገረን። ለምን አልለበስሽም?»

ልጅቱ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ወንድሜ ከኋላችን መጣ። መምጣቱን አላየሁም ነበር። በእጁ ከሥራ ቤቱ ያመጣት ዝቅ ያለች በርጩማ አለች። በርጩማዋን ከልጁ ኋላ አስቀመጣትና ቀና ብሎ ቆመ።

«ልጄ ታማለች» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። የአጥቢያው ሰዎች ሁሉ ይሰሙታል። «እግሯም ሆዷም ታሟል፤ ሕክምና ላይ ናት። ዳነች ተብሎ ከሆነ ያስባልኩት እኔ ነኝ። እሷ በዚያን ቀን አላመመኝም ነው ያለችው።»

ሰውየው «እሺ» አለ። ስሟን ጠይቆ ስልኩ ላይ ጻፈ፤ ለምን እንደጻፈ አልተናገረም። ፉጨት ሲነፋ ወደ ሜዳው ዞረ።

ልጅቱ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ወንድሜ አጠገቧ ቆመ። ጨዋታው ተጀመረ፤ ታኬታዋ በሌላ ልጅ እግር በቀኙ መስመር ሲሮጥ ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሣችም። ኳሷ በእኛ በኩል ስትመጣ ብቻ፣ የታሰረው እግሯ መሬቱን ገፋ ገፋ ያደርግ ነበር።

በአገና በኩል የሚያልፈው ሚኒባስ ከሰዓት በኋላ ስለማይገኝ መሄድ ነበረብኝ። ልጅቱ ልትሸኘኝ ስትነሣ «ተቀመጪ» አልኳት። ዱላዬን ከእሷ ተቀብዬ፣ ወንድሜን በዓይኔ ተሰናብቼ፣ ባጃጅ ይዤ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።